ለጉብኝት ኡርክ ወይስ ኖርድኦስትፖልደር?

ሁለቱም በኔዘርላንድስ፣ ፍሌቮላንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ የሚዋሰኑ ወረዳዎች ናቸው። ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው። ኡርክ ለዘመናት የዓሣ አጥማጆች ደሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1939 ዙሪያዋን ያለውን ውኃ ለማድረቅ የተሠራው ግድብ ሲደርሳት ከየብስ ተገናኘች።

ኖርድኦስትፖልደር ግን ራሱ ከውኃ በታች ነበር። በግድብ ታጥሮ፣ ውኃው በፓምፕ ተመጥጦ በ1942 ደረቀ። ኤመሎርድ ከተማ መሃል ላይ፣ 10 መንደሮች ዙሪያዋን፤ ሁሉም በዕቅድ፣ በብስክሌት ርቀት ተለክቶ። የእርሻ ማሳዎቹም በቀጥተኛ መስመር የተከፋፈሉ ናቸው።

ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ኖርድኦስትፖልደር ውስጥ ያለው ሾክላንድ ነው። እሱም ደሴት ነበር። ባሕሩ እየሸረሸረው ስላስቸገረ ነዋሪዎቹ በ1859 በመንግሥት ትእዛዝ ለቀቁ። ዛሬ እርሻ መሃል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በ1995 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ወደዚያ ሂዱ። ወደብና ጠባብ የመንደር መንገድ የሚማርካችሁ ከሆነ ግን ኡርክ ትሻላለች።