የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት፦ ለጣና ዳርቻ የትኛው ይሆናል?

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ክሊኒኮችና ጤና ኬላዎች ቶሎ ቶሎ ከሚያልቁ ዕቃዎች አንዱ የወባ ፈጣን መመርመሪያ ነው። ኪቶቹ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፦ ነጭ የፕላስቲክ ካሴት፣ ደም መቅጃ፣ ላንሴት (ጣት መውጊያ)፣ የአልኮል ጥጥ፣ አንድ ጠርሙስ በፈር (ከደሙ ጋር ካሴቱ ውስጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ)። ውስጣቸው ግን ይለያያል፤ የማይሆነውን መግዛት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ ያለበትን ሰው «ወባ የለብህም» ብሎ ወደ ቤቱ መላክ ሊሆን ይችላል።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ። ፋልሲፓረምን ኤችአርፒ-2 በተባለው ፕሮቲን ብቻ የሚያይ ኪት ለዚህ አካባቢ አይበቃም። ፋልሲፓረምንም ሌላውን ዝርያ ቫይቫክስንም ኤልዲኤች በተባለው ፕሮቲን የሚለይ፣ ወይም በፋልሲፓረም በኩል ሁለቱንም ፕሮቲኖች የሚያይ ኪት ይገዛ።

ምክንያቱን ለመረዳት ካሴቱ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ያሻል። ማይክሮስኮፕ ፓራሳይቱን (ወባ አምጪውን ተሕዋስ) ራሱን ያሳያል፤ ኪቱ ግን የሚይዘው ፓራሳይቱ ደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን ነው። ኤችአርፒ-2 የሚባለው የፋልሲፓረም ብቻ ነው፤ በብዛት ስለሚመነጭ መስመሩ ደመቅ ብሎ ይወጣል፣ ሙቀትም ይችላል። ለዚህም ነው ለብዙ ዓመታት ተመራጭ ሆኖ የቆየው። ኤልዲኤች ደግሞ ሁሉም የወባ ዝርያዎች ለመኖር የሚያስፈልጋቸው ኢንዛይም ነው፤ ያለ እሱ ፓራሳይቱ አይኖርም።

ችግሩ የመጣው ፋልሲፓረም ያለ ኤችአርፒ-2 መኖር ስለሚችል ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን የጠፋባቸው ፓራሳይቶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. 2010 ከፔሩ ተዘገበ፤ ቆይቶም በኤርትራ በብዛት ተገኙ። በእኛ ሀገር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. 2021 ታተመ። በግምቱ መሠረት ፋልሲፓረም ካለባቸው ሰዎች 9.7 በመቶ የሚሆኑት ጂኑ በመጥፋቱ የተነሳ በኤችአርፒ-2 ምርመራ ያመልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት «ኪት ይቀየር» የሚልበት ገደብ 5 በመቶ ነው። ጥናቱ ከዚህ በላይ የሚያሳስብ ነገርም አሳይቷል፦ ምርመራው ራሱ የማይታየውን ፓራሳይት እየመረጠ ያሳድገዋል። የታየው መድኃኒት ተሰጥቶት ይሞታል፤ ያልታየው በሕመምተኛው ደም ውስጥ ቆይቶ በትንኝ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. 2023 የወጣው ተከታይ ጥናት ከነዚሁ ክልሎች 609 ናሙናዎችን መርምሮ በ8 በመቶው ላይ ለፋልሲፓረም በሚሰጠው ኳርተም ውስጥ ያለው የአርቴሚሲኒን መድኃኒት ፓራሳይቱን ቶሎ እንዳያጸዳ የሚያደርግ የጂን ለውጥ አግኝቷል። ከእነዚህ ፓራሳይቶች አንዳንዶቹ የኤችአርፒ-2 ጂናቸውም የጠፋ ነው፤ ማለትም ከምርመራውም ከመድኃኒቱም ለማምለጥ የተዘጋጁ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በደጃችን እያለ ኪትን በርካሽነቱ ብቻ መምረጥ ተገቢ አይመስለንም።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ኤልዲኤች አለው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በሰፊው ሲሠራበት የቆየው ባለ ሁለት መስመር ኪት ኤልዲኤቹ የቫይቫክስ ብቻ ነው፤ ፋልሲፓረምን አሁንም በኤችአርፒ-2 ነው የሚያየው። ጂኑ የጠፋበት ፋልሲፓረም ሲመጣ ሁለቱም መስመሮች ባዶ ይሆናሉ፣ ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ይወጣል፣ ሕመምተኛውም ነፃ ተብሎ ይሸኛል። ስለዚህ «ኤልዲኤች አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በየትኛው መስመር ላይ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ በመመሪያው ወረቀት ላይ ከካሴቱ ሥዕል አጠገብ በትንንሽ ፊደል ይገኛል።

ሁለተኛው ዓይነት አንዱ መስመር የፋልሲፓረም ኤችአርፒ-2፣ ሌላው የሁሉም ዝርያ ኤልዲኤች የሆነበት ነው። ይህ ጂን የጠፋበትን ፋልሲፓረም አያሳልፈውም፤ ግን ስሙን ያሳስተዋል። የሚወጣው የጋራው መስመር ብቻ ስለሆነ ባለሙያው ቫይቫክስ ነው ብሎ ክሎሮኩዊን ይሰጣል። ክሎሮኩዊን ደግሞ ለፋልሲፓረም የማይሠራ በመሆኑ ሀገራችን መጀመሪያ በፋንሲዳር ተካችው፤ እ.ኤ.አ. 2004 ደግሞ ከፋንሲዳር ወደ ኳርተም ተሻግራለች። ይህን ኪት የያዘ ቤት የጋራው መስመር ብቻውን ሲወጣ ዝርያውን በማይክሮስኮፕ ሳያረጋግጥ ባይወስን ይመረጣል። በተለይ ሕመምተኛው ከመተማ ወይም ከቋራ የሰሊጥ ማሳ የተመለሰ ከሆነ።

ሦስተኛው፣ እኛ የምንመርጠው፣ ሁለቱንም ዝርያ በየራሳቸው ኤልዲኤች የሚለየው ነው። ጉድለት የለበትም አንልም። ፓራሳይቱ ጥቂት ሲሆን መስመሩ በጣም ይደበዝዛል፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 ያነሰ ፓራሳይት ሲኖር ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። ሙቀትም ከኤችአርፒ-2 ይልቅ ይጎዳዋል። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የተነበበ ደብዛዛ መስመር በቀላሉ ስለሚታለፍ ካሴቱን ወደ መስኮት ወይም ወደ በረንዳ አውጥቶ ማንበብ ይገባል። የፈዘዘም ቢሆን መስመር መስመር ነው፤ ወባ አለ ማለት ነው።

በአንጻሩ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ኤችአርፒ-2 ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ እንኳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ወር፣ በደም ውስጥ ይቆያል። ኳርተሙን በትክክል የጨረሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ በጉንፋን ትኩሳት ሲመለስ ኪቱ እንደገና «ወባ» ይላል፣ ሰውየውም መድኃኒቱን ይደግማል። ኤልዲኤች ግን በሕይወት ካለ ፓራሳይት ስለሚመነጭ ሕክምናው ከሠራ ቶሎ ይጠፋል።

የቱንም ያህል ጥሩ ኪት ቢገዛ አሠራሩ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ፓኬቱ የሚቀደደው ጣቱ ሊወጋ ሲል ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ቀድሞ የተከፈተን ካሴት ያበላሻል። ውስጡ ያለችው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ቀለሟን ከቀየረች ካሴቱ ይጣል። የቀለበት ጣት ጎኑ በአልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ አልኮሉ ሳይደርቅ ከተወጋ ደሙ ይቀጥናል፣ ይበላሻልም። የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል። ከዚያ በመቅጃው ልክ፣ በአብዛኞቹ ኪቶች 5 ማይክሮሊትር፣ ወደ ደሙ ቀዳዳ ይገባል። ይህ ከአንድ ሙሉ ጠብታ በጣም ያነሰ ነው። «ደም ሲበዛ በደንብ ይታያል» የሚለው ልማድ ውጤቱን የሚያበላሽ ነው፤ የበዛው ደም መስኮቱን አቅልቶ ደብዛዛውን መስመር ይሸፍነዋል።

በፈሩ የሚንጠባጠበው በሌላኛው ቀዳዳ ነው፤ የጠብታው ቁጥር እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የትናንቱን ኪት ቁጥር ለዛሬው መጠቀም አያዋጣም። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ጋደል ሲል የጠብታው መጠን ይለወጣል። በፈር ባለቀ ጊዜ የኤችአይቪ ኪት በፈር፣ ውኃ ወይም ግሉኮስ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ ወባ በሌለበት ሰው ላይ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ከሌላ ካርቶን የተረፈ በፈርም ሎቱ (አብሮ የተመረተበት ዙር ቁጥር) አንድ ካልሆነ አይሠራበትም። ሰዓቱ በካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የሚነበበው መመሪያው በሚለው፣ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ነው። ሕመምተኛ ሲበዛ ካሴት በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይረሳል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደሙ ሲደርቅ የሚወጣ መስመር ግን አይታመንም። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ውጤት የለም፤ በአዲስ ካሴት ይደገም።

ስለ ማከማቻ፦ ብዙዎቹ ኪቶች እስከ 30 ወይም 40 ዲግሪ ይችላሉ፤ ገደቡ በካርቶኑ ላይ አለ። የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ መጋዘን፣ ወይም ወደ ደቅና ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ሳይሸፈን የተጫነ ካርቶን፣ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል። ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ኪት ደግሞ ሳይከፈት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቅ።

ውጤቱ ነፃ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለስ? ለማይክሮስኮፕ ወፍራምና ቀጭን የደም ስላይድ ይሠራ፤ ካልተገኘም በማግስቱ ይደገም። ፓራሳይቱ እጅግ ሲበዛም የኤችአርፒ-2 መስመር ሊደበዝዝ ወይም ሊቀር ስለሚችል በጠና የታመመ ሰው በአንድ ካሴት አይሸኝ። ወባ ነፃ ሲባል ወዲያው ወደ ዊዳል ምርመራ ሄዶ የታይፎይድ መድኃኒት መስጠት የተለመደ ሆኗል፤ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን ስለማያረጋግጥ ይህ ልማድ ያሳዝነናል። ራሱን የሳተ ወይም ያንቀጠቀጠው ሕፃን ኪቱ ወባ ቢልም እንኳ ማጅራት ገትር ሊኖርበት ስለሚችል ሕክምናው ተጀምሮ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ቫይቫክስ የወጣለት ሰው ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ፓራሳይት ምንም ኪት አያየውም። ፕሪማኩዊን የሚሰጠውም ለዚያ ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይወሰዳል። ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. 2019 የታተመ ጥናት ተመሳሳዩ ጠቅላላ መጠን በ7 ቀን ቢሰጥ ውጤቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ የጂ6ፒዲ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም) እጥረት ያለበት ሰውም በሐኪም ሳይታይ አይጀምረው።

አዲስ ሎት ሲገባ በማይክሮስኮፕ ወባ በተረጋገጠባቸውና ነፃ በሆኑ ጥቂት ሰዎች ደም ላይ ሞክሮ ውጤቱን ከሎት ቁጥሩ ጋር መዝግቦ መያዝ ጥሩ ነው። ስላይዱ ፋልሲፓረም እያለ ኪቱ ነፃ ካለ፣ ደሙ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ከስላይዱ ጋር ይቀመጥና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር፤ ጂኑ መጥፋቱ የሚረጋገጠው ከዚያች የደም ጠብታ ነው።