ጉድጓድ ለሰበረው መኪና፦ ለአንዲት የባሕር ዳር የመድን ወኪል ምስጋና

ባሕር ዳር ውስጥ ሚኒባስና ባጃጅ የምናሠራ ባለንብረቶች ዛሬ አንዲት የመድን ወኪል እህታችንን በአደባባይ እናመሰግናለን። ስሜ አይጻፍ ስላለች አንጽፍም፤ ለሚፈልጋት አድራሻዋን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ምስጋናችን አረቦን (የመድን ክፍያ) ስላረከሰችልን አይደለም። ከፊርማ በፊት ውሉን ገልጣ «ይህ አይከፈልም» የሚለውን ክፍል ከደንበኛው ጋር ቁጭ ብላ ስለምታነብ ነው።

ሙሉ ዋስትና የገባ ሰው የመንገድ ጉድጓድ የሰበረው ሁሉ የሚከፈለው ይመስለዋል። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነማ የራስ መኪና ጭራሽ አልተሸፈነም፤ አዋጅ 799/2005 ግዴታ ያደረገው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። በሙሉ ዋስትናም ቢሆን ብዙ ውሎች ለብቻው የፈነዳን ጎማ፣ በእርጅና ያለቀን ዕቃ፣ አንዳንዶቹም መንገድ የሰበረውን ሞላና ባሌስትራ ከሽፋን ያስወጣሉ። እሷ እነዚህን መስመሮች በእስክሪብቶ ታሰምርና ጎማ፣ ቸርኬና የታች ዕቃ በተጨማሪ አረቦን ይሸፈኑ እንደሆነ ድርጅቱን በጽሑፍ ትጠይቃለች። እሺ ከተባለ በአባሪ ተጽፎ ማኅተም ሲያርፍበት ነው የምታስፈርመው። በቃል «ይሸፈናል» የተባለ ነገር ካሳ ሲጠየቅ ዋጋ የለውም።

ለባጃጅ ለብቻው ታስባለች። ሚኒባስ ጉድጓዱን በጎማዎቹ መካከል አሳልፎ ሊያመልጥ ይችላል፤ የባጃጅ የፊት ጎማ ግን መሐል ላይ ስለሆነ እዚያው ይገባል። ስለዚህ የፊት እግሩ በአባሪው ላይ በስም እንዲጠቀስ ታደርጋለች።

በውሉ ላይ የተመዘገበውን የመኪናውን ግምት በየዓመቱ ታስተካክላለች። ገበያው 1,200,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ600,000 ብር ከተመዘገበ የ80,000 ብር ጉዳት ካሳ በዚያው ልክ በግማሽ ተሰልቶ ወደ 40,000 ይወርዳል፤ ከዚያም ባለንብረቱ ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው መጠን ይቀነሳል።

ጉድጓድ የገባ ሰው ሲደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከመኪናው ሥር ዘይት ይንጠባጠባል?» ነው። ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተቀዶ መንዳት ከቀጠላችሁ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፤ ኮፓው ቢከፈል እንኳ የሞተሩ ጉዳት በቸልተኝነት የመጣ ነው ተብሎ ሳይከፈል ይቀራል። ቀጥሎ ፎቶ፦ ጉድጓዱ አጠገቡ ጀሪካን ተቀምጦ ጥልቀቱ እንዲታይ፣ የተጎዳው ጎማና ታርጋው በአንድ ፎቶ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ። ጎማው ጎኑ ላይ ካበጠ ውስጡ ያለው ክር በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ተቆርጧል፤ አይጠገንም። ጎኑ ላይ ያሉትን 4 አኃዞችም አንሱ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ የመድን ድርጅቱ መርማሪ እርጅናውን የሚያየው ከዚያ ነው።

የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 ጉዳቱን ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። እሷ ግን በዚያው ቀን ታስመዘግባለች፤ ምክንያቷም ልክ ነው። ትኩስ ስብራት ብረቱ ያበራል፤ ሳምንት ሲቆይ ዝገትና ግራሶ ይይዘውና «የቆየ ስንጥቅ ነው» ይባላል። መርማሪው ሳያይ አታስፈቱ፤ የወለቀውንም ዕቃ ጋራዥ ጥላችሁ አትምጡ፣ ይጠየቃል።

ሽፋኑን ክረምት ሳይገባ ጨርሱ፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ጉድጓዱን ሞልቶ ደህና አስፋልት ያስመስለዋል። ወደ እሷ ስትሄዱ ሊብሬውን፣ የአሁኑን ውልና መኪናውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ ሳታነሳ አባሪውን አትጽፍም።