ለሲስተር ምስጋና፣ ለደብረ ብርሃን ልጆችና ወላጆች ደሞ ጥቆማ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ይሄን የምፅፈው አባዬንም አክስቴንም አስፈቅጄ ነው። ሲስተር ስሟ እንዲጠራ አትፈልግም፣ ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ የወጣቶች ክፍል የምትሰራ ነርስ ናት፣ የሄደ ያውቃታል። ሲስተርዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው!!

12ኛ ክፍል ነኝ። ከአባዬ ጋር ደህና አደርክ ደህና አደርሽ ካልሆነ ወሬ የለንም ነበር። ማታ ቱቶሪያል ጨርሼ ስወጣ ጋቢውን ተከናንቦ ራቅ ብሎ ይከተለኛል፣ ጓደኞቼ "ሰላይሽ መጣ" እያሉ ይስቁብኛል፣ ቤት ስገባ ስልኬን ይፈትሻል፣ እኔ አኮርፋለሁ፣ እማዬ መሀላችን ሆና አለቀች።

ምክር ፍለጋ ያልሞከርነው የለም። አንዷ ጋ ለብቻዋ የነገርኳትን ሚስጥር ሰው በተሰበሰበበት ለእናቴ ዘረገፈችው። ሌላ ቦታ ደሞ እማዬ ተበድራ ከፍላ ገብተን እኔ አንድ ቃል ሳልናገር "የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው፣ ስልኩን ቀሟት" ተብለን ተሸኘን። ያ ብር እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዛ በኋላ ምክር የሚባል ነገር ስሰማ ይቀፈኝ ነበር።

ሲስተር ጋ የሄድኩት ለወር አበባ ህመም ነው። መድሃኒቱን ፅፋልኝ ስታበቃ "ቤት ደህና ናችሁ?" አለችኝ፣ በቃ ተዘረገፍኩ። ካልፈቀድሽልኝ አልናገርም አለችኝ፣ አልተናገረችምም። ቀጥላ አባዬን አስጠራችው። እንዴት እንዳሳመነችው አላውቅም፣ አባዬ እኮ ታሞ እንኳ ጤና ጣቢያ የማይረግጥ ሰው ነው!

ቁጣ ነበር የጠበኩት። እሷ ግን "ጋሼ፣ ሲከተሏት ምን እንዳይደርስባት ፈርተው ነው?" አለችው። ማንም እንደዚህ ጠይቆት አያውቅም፣ እኛም ጭምር። ብዙ ዝም አለና መንዝ ልጅ እያለ ከገበያ ሲመለሱ ታላቅ እህቱን እሱ እያየ እንደጠለፏት ተናገረ። አክስቴን! ያኔ የኔ እኩያ ነበረች፣ ትምህርቷም እዛው ቀረ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን አላውቅም። አባዬ አለቀሰ። ሲስተር አላቋረጠችውም፣ በሩ ሲንኳኳ "ትንሽ ታገሱኝ" ብላ መልሳ ዘጋችው። ያን በር መዝጋቷን መቼም አልረሳላትም።

ለኔ "እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ፣ የት እንደምትሄጂ ከማን ጋር ስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ቀድመሽ ንገሪው፣ ከስራ እንደገባ ደሞ ነገር አታንሺበት፣ ይብላ ይረፍ" አለችኝ። ለሱ "ስልኳን ይተዉላት፣ ከኋላዋ ከሚሄዱ አብረዋት ይሂዱ" አለችው። እውነት እላችኋለሁ አሁን አብረን ነው የምንመጣው፣ እሱ ስለ መንዝ ያወራኛል እኔ ስለ ትምህርት። ማትሪክ ዩኒቨርሲቲ ገብተን አድረን ነው የምንፈተነው፣ ስልክም አይገባም፣ በፊት ቢሆን አልልክሽም ይል ነበር፣ አሁን "ብርድ ልብስ እንዳትረሺ" ብቻ ነው የሚለኝ።

እባካችሁ ሴቶች፣ ከቤተሰብ ጋር የከበዳችሁ ሂዱ። "ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት" ነው የሚባለው፣ እኔ አንድ ብር አልከፈልኩም። ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ያላችሁ ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ጠይቁ። ወላጆችም ስትጠሩ እንቢ አትበሉ በናታችሁ። የት እንደሆነች ለጠፋባችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ። ሲስተርዬ፣ አባዬም አመስግኚልኝ ብሎሻል።