ፓይተን የአርኤስኤ ቁልፍ ስህተት ማደኛ ሆኖ ሲፈተሽ

በእጅ የተጻፈ የአርኤስኤ (አንዱ ለሁሉም የሚታይ፣ ሌላው የግል በሆነ ጥንድ ቁልፍ የሚሠራ የምስጠራ ዘዴ) ፕሮግራም የመሰጠረውን መልእክት ሲፈታ ዝብርቅርቅ ካወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቁልፉ የተመረተበት ክፍል ውስጥ ነው። ያንን ክፍል በርብሮ ለማየት የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን የሚያህል ነጻ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ራሱ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉት።

ትልቁ ጥንካሬው ሙሉ ቁጥሮቹ የመጠን ወሰን የሌላቸው መሆኑ ነው። የ2048 ቢት ቁጥር (በ0 እና በ1 ሲጻፍ 2048 አሃዝ ያለው) ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ ይባዛል፣ ይካፈላል። ከቨርዥን 3.8 ጀምሮ ደግሞ "ፓው" የሚባለው ፈንክሽን ሁለተኛው ቁጥር -1 ሲሆን የሞዱላር ተገላቢጦሹን (ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ተባዝቶ ለሦስተኛው ሲካፈል ቀሪው 1 የሚሆነውን ቁጥር) ራሱ አስልቶ ይሰጣል። የራስን ኮድ የሚያመሳክሩበት አስተማማኝ ሚዛን ማለት ይሄ ነው።

በትንሽ ቁጥር መጀመር ይሻላል። ሁለቱ ፕራይሞች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች) ፒ 61፣ ኪው 53 ከሆኑ ብዜታቸው ኤን 3233፣ የ60 እና የ52 ብዜት የሆነው ፋይ 3120 ይሆናል። ለመመስጠር የሚያገለግለው ኢ 17 ሲሆን ፓው ለመፍቻው ለዲ 2753 ይመልሳል። የራስዎ ኮድ -367 ካወጣ አይደናገጡ፤ ተገላቢጦሹን የሚያገኘው የዩክሊድ ስሌት ትክክል ነው፣ 3120 መደመር ብቻ ነው የቀረው። 413 ካወጣም ልክ ነው፤ በፋይ ፈንታ የ60 እና የ52 ትንሹ የጋራ ብዜት፣ ማለትም 780፣ ተወስዶ ነው። ኢ 3 ሲሆን ግን 3120 ለ3 ስለሚካፈል ተገላቢጦሽ ጨርሶ የለም። ፓው እዚህ ቫልዩ ኤረር የሚል የስህተት መልእክት ሰጥቶ ያቆማል፤ ትልቁን የጋራ አካፋይ የማያረጋግጥ የቤት ኮድ ግን የማይረባ ቁጥር ሰጥቶ ያልፋል። መፍትሔው ሌሎች ፕራይሞች መምረጥ ነው። ለእውነተኛ ቁልፍ የተለመደው ኢ 65537 ነው፣ እሱም ቢሆን ይህ ፍተሻ አይቀርለትም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፓይተን -367ን በ3120 ሞድ ሲያደርግ (ለ3120 ሲካፈል ያለውን ቀሪ ሲወስድ) 2753 ይሰጣል፣ ሲ የተባለው ቋንቋ ግን -367ን እንዳለ ይተወዋል። ፓይተን ላይ የሠራ ኮድ ወደ ሲ ሲገለበጥ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ከድክመቶቹ ክፉው የማካፈያ ምልክቱ ነው። ነጠላው እዝባር ውጤቱን ወደ ፍሎት (የነጥብ ቁጥር) ይለውጣል፣ ፍሎት ደግሞ የሚይዘው 53 ቢት ትክክለኛነት ብቻ ነው። በ3120 ምንም አይታወቅም። ፋይን ለ65537 ሲያካፍሉ በ2048 ቢት ቁልፍ ኦቨርፍሎው (ቁጥሩ ከመጠን አለፈ) ብሎ ይጮኻል፤ በ512 ቢት ግን ድምፅ ሳያሰማ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ሁልጊዜ ድርብ እዝባር ይጠቀሙ።

ሁለተኛው "ራንደም" የተባለው ሞጁል ነው። ለጨዋታ ይሆናል እንጂ ለቁልፍ አይሆንም፤ ባለ 32 ቢት 624 ተከታታይ ውጤቶቹን ያየ ሰው ቀጣዩን ያውቃል። ከ3.6 ጀምሮ ያለውን "ሴክሬትስ" ይጠቀሙ። ከሱ በወጣው ባለ 1024 ቢት ቁጥር ላይ የላይኞቹን ሁለት ቢቶችና የታችኛውን አንድ ቢት 1 ያድርጉ። የላይኛውን አንዱን ብቻ ካደረጉ ኤን አንዳንዴ 2047 ቢት ሆኖ ይወጣል። ፕራይም እስኪገኝ በአማካይ 355 ያህል ጎዶሎ ቁጥሮች ይሞከራሉ፤ ፍለጋው ቢቆይ ኮዱ ተሰቅሏል ማለት አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነው ጉድለት ፕራይም መፈተሻ አብሮት አለመምጣቱ ነው። ሰው ቀላል በሆነው በፌርማ የፕራይም ፈተና ብቻ ይረካል፣ እንደ 561 ያለ የካርማይክል ቁጥርም (ፕራይም ሳይሆን ይህን ፈተና የሚያታልል ቁጥር) ያልፋል። ይባስ ብሎ 561ን ፒ አድርገው ቢመሰጥሩ መልእክቱ በትክክል ተመልሶ ይፈታል፤ 561 ግን 3 ሲባዛ በ11 ሲባዛ በ17 ነው። ስለዚህ መስጥሮ መፍታት ብቻውን ቁልፉ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሚለር ራቢን የተባለውን ጠንከር ያለ የፕራይም ፈተና በ40 ዙር ይጻፉ፣ ፒንና ኪውን ለየብቻ ደግሞ ሲምፓይ በተባለው የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ ያመሳክሩ።

ለስህተት ፍለጋ ከአምስት አራት ተኩል ይገባዋል። በዚህ መንገድ የተሠራ ቁልፍ ግን እውነተኛ ምስጢር አይጠብቅበት፤ የፓይተን የቁጥር ስሌት የሚፈጀው ጊዜ እንደ ቁጥሩ ስለሚለያይ፣ ሰዓቱን የሚለካ ሰው ስለ ግል ቁልፉ ፍንጭ ሊያገኝ ይችላል።