በአሪዞና ጥድ ደን ውስጥ ያለ የካውቦይ ገጽታ ታይምሼር፦ ከዓመት በላይ የተጠቀመበት ባለድርሻ ግምገማ

ከፊኒክስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በምትርቀው በሂበር ኦቨርጋርድ፣ ሦስት ሺህ ነዋሪ በማይሞላባት የደን መንደር፣ በካውቦይ ዘመን አምሳያ የተሠራ የታይምሼር ሪዞርት፣ ማለትም ብዙ ባለድርሻዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ሌሊቶች የሚፈራረቁበት የመዝናኛ ማረፊያ አለ። ድርሻዬን የገዛሁት ከሽያጭ ቢሮ ሳይሆን ከቀድሞ ባለድርሻ ነው፤ የታይምሼር ዋጋ በሁለተኛ እጅ ገበያ እጅግ ስለሚወድቅ ለዝውውሩ የከፈልኩት ከአንድ ዓመት የጥገና ክፍያ አልበለጠም። በዚህ ዓይነት ውል የሚገዛው ቤት ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ ነጥብ ሲሆን፣ ነጥቡም እንደ ወቅቱና እንደ ቤቱ ስፋት ተሰልቶ ለእያንዳንዱ ሌሊት ይቆረጣል። ከዓመት በላይ በአራቱም ወቅቶች አድሬበታለሁና የምጽፈው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ስለ ገጽታው ብዙ የሚባል የለም። የሕንፃዎቹ ፊት በሳንቃ ተለብጧል፣ የጋሪ መንኮራኩርና የፈረስ ጫማ በየቦታው ተሰቅሏል፤ ልጆች ይደሰቱበታል፣ አዋቂ ሰው ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ልብ አይለውም። ታሪኩን የሚፈልግ ከግቢው መውጣት አለበት። ግርሃምና ተክስበሪ የተባሉት ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በከብትና በበግ ሳቢያ ደም የተቃቡት ከሞጎዮን ሪም ገደል በታች ባለው ሸለቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የፌደራል ሕግ የሚጠበቁ የዱር ፈረሶችም በአቅራቢያው ደን እስካሁን ይሰማራሉ፤ ማለዳ ላይ በጫካው መንገድ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ሊያገኛቸው ይችላል።

ድርሻውን ዋጋ የሚያሰጠው ከፍታው ነው። ፊኒክስ 330 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በጁላይ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስትግል፣ ይህች መንደር 2,000 ሜትር ገደማ ላይ በፖንደሮሳ ጥድ ተከባ ስለምትገኝ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስይዛል። በጁላይና በኦገስት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይዞ የሚመጣው ዝናብ አዲስ አበባ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሙሉ ማዕድ ቤት መኖሩም ለሐበሻ ቤተሰብ ከመዋኛ ገንዳው ይበልጣል፤ ማቀዝቀዣው ሰፊ ነው፣ ድስቶቹም ለሽሮና ለምስር ይበቃሉ። ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስሩ ከፊኒክሱ ዘግይቶ እንደሚበስል ማወቅ ግን ይጠቅማል። ቡናን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ መቁላት የጢስ ማስጠንቀቂያውን ስለሚያስጮኸው ቆልቶና ፈጭቶ መሄድ ይሻላል፤ ዕጣኑም ቢቀር ይመረጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ርቀቱ ነው። እንጀራ፣ በርበሬና ቅቤ ከፊኒክስ ካልተያዙ መንደሪቱ ውስጥ አይገኙም። ሰፋ ያለ ገበያ ወይም ሆስፒታል የፈለገ ሰው በስተምሥራቅ ወደ ሾው ሎው ወይም በስተምዕራብ ወደ ፔይሰን መንዳት ይኖርበታል፤ ቅርብ የሆነችው ሾው ሎው እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትርቃለች፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይም ወላጆቹን ይዞ የሚሄድ፣ ትርፍ ሳይዝ ባይወጣ መልካም ነው።

እሳቱም አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 2002 የተነሣው የሮዲዮ ቸዲስካይ ቃጠሎ 190,000 ሄክታር ገደማ አካባቢን አዳርሶ፣ በዚህችው መንደር ያሉትን ጨምሮ በርካታ ቤቶችን አውድሟል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ደረቅ ሳምንታት ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ የሚከለከለው፣ አንዳንድ ጊዜም ደኑ ራሱ ለጎብኚ የሚዘጋው በዚህ ዓይነት ስጋት ነው። ለእግር ጉዞና ለዓሣ ማጥመድ የሚመጣ ሰው ጁንን ቢዘል ነጥቡን አያባክንም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ የጥገና ክፍያው ሰው ሄደም አልሄደም ይከፈላል፤ ከዓመት ዓመትም ይጨምራል። ከጁን እስከ ኦገስት ያሉት የቅዳሜና የበዓላት ሌሊቶች ከፍተኛውን ነጥብ ከመብላታቸውም በላይ ከብዙ ወራት በፊት ካልተያዙ አይገኙም። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ብቻ መውጣት የሚችል ቤተሰብ ድርሻ ከሚገዛ ይልቅ፣ ነጥቡ ከተረፈው ባለድርሻ ላይ የሚፈልገውን ሌሊት ብቻ ቢከራይ ያዋጣዋል። በማንኛውም የታይምሼር ሽያጭ ገለጻ ላይ ተቀምጦ በሙሉ ዋጋ የፈረመ ሰው ካለም፣ የአሪዞና ሕግ ውሉን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት የመሰረዝ መብት ስለሚሰጠው ሰነዱን ሳያድር ቢያነብ ይበጀዋል።

እኔ ድርሻውን እስካሁን ያቆየሁት ቅዳሜና እሑድ ስለምሠራ ነው፤ ዕረፍቴ በሳምንቱ መካከል ስለሚውል፣ በኦክቶበር ማክሰኞ የምይዘው ቤት ከጁላይ ቅዳሜው እጅግ ባነሰ ነጥብ ይገኝልኛል። የሥራ ፈረቃዬ ከተቀየረ ግን ይህ ሒሳብ ይፈርሳልና፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ከመድረሱ በፊት ድርሻውን የሚረከበኝ ሰው እፈልጋለሁ።