ሁለት ሽቦ ወይስ ኢተርኔት? ለፋብሪካ የቱ ይገዛ?

«በዚህ ዘመን ደግሞ ማን ሲሪያል ይገዛል?» ይሉኛል ጓደኞቼ፤ የፋብሪካ ዕቃዎችን በሁለት ሽቦ የሚያገናኘውን የድሮውን መንገድ ማለታቸው ነው። እኔ እገዛለሁ። ሥራው ቆጣሪ፣ የሙቀት መለኪያና የሞተር ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ማንበብ ከሆነ ምርጫዬ በአርኤስ-485 (የሁለቱ ሽቦ የኤሌክትሪክ ደረጃ) የሚሄደው ሞድባስ አርቲዩ (ዕቃዎቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ነው። ሞድባስ የ1979 ፕሮቶኮል ነው። አርጅቷል፤ ግን የማያውቀው ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ማግኘት ይከብዳል።

ሰው ሁሉ የሚያወዳድረው የገመድ ዋጋ ነው። እሱን ለጊዜው ተዉትና ዕቃዎቹን እዩ። ያው ቆጣሪ የኢተርኔት ወደብ ሲጨመርበት ይወደዳል። ጭማሪውን በ20 ቆጣሪ አባዙት። ከዚያ የኢተርኔት ገመዶችን የሚያገናኘው ስዊች አለ። የቢሮ ስዊች ርካሽ ነው፣ ግን ከኢንቨርተር ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ሙቀቱን አይችለውም። በ24 ቮልት የሚሠራው የፋብሪካ ስዊች ደግሞ የቢሮውን እጥፍ ድርብ ያስከፍላል። በዚያ ላይ የመዳብ ኢተርኔት 100 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስዊች ወይም ፋይበር ነው። አርኤስ-485 ፍጥነቱን ዝቅ ካደረጋችሁለት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል።

«ቀርፋፋ ነው» ለሚሉኝ፦ በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት ከአንድ ቆጣሪ 10 ሬጅስተር (ቆጣሪው ቁጥሮቹን የሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች) ለማንበብ ጥያቄና መልሱ 33 ባይት ነው፤ ሽቦው ላይ 40 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም። 20 ቆጣሪ ተዙሮ የሚያልቀው በአንድ ሁለት ሰከንድ ነው። የኃይል ፍጆታ ለመመዝገብ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ሞኝነቴ። አንዴ ሁለቱን ሽቦ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ኮንቨርተር ገዛሁ። «አይሶሌትድ» (የሽቦውና የላፕቶፑ ወገን በኤሌክትሪክ የተለያየ) የሚል ተጽፎበታል፤ ዋጋው ከትክክለኛው ሲሶ አይሞላም። ትልቁ ሞተር ሲነሳ የላፕቶፔ ዩኤስቢ ሞተ። ቀፎውን ስከፍት ሁለቱን ወገን የሚለይ ኦፕቶካፕለር የለ፣ ምን የለ። አንድ ቺፕ ብቻ፣ ጽሑፉም በጥፍር የሚፋቅ። ፎርጅድ! ከዚያ ወዲህ ኮንቨርተር ላይ አልቆጥብም።

የኢተርኔቱም ፎርጅድ አለ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ። ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ውስጡ ከነጣ መልሱለት። ማሽን አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ይሰበራል፣ ደግሞም አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም፤ ራስ ምታት ነው።

የሁለቱ ሽቦ ድክመት አይካድም፤ መሃል ላይ ከተቆረጠ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ብልሽቱ ግን በአንድ ቴስተር ይገኛል። ኃይል አጥፉና በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኩ። ሁለቱ ጫፍ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ 60 አካባቢ ማንበብ አለበት። 120 ካነበበ አንደኛው ጫፍ የለም ወይም ሽቦው ተቆርጧል። 40 ካነበበ አንድ ሰው መሃል ላይ ሦስተኛ ሬዚስተር ሰክቷል።

ሰርቮ ሞተሮች እኩል የሚንቀሳቀሱበት መስመር ወይም ካሜራ ካለ አልከራከርም፤ ኢተርካት ወይም ፕሮፊኔት (ለፍጥነት የተሠሩ የፋብሪካ ኢተርኔት ዓይነቶች) ግዙ፣ ሁለት ሽቦ አይችለውም።

ሁሉን ገጥማችሁ ጭራሽ መልስ ከሌለ ደግሞ ዕቃውን ከመቀየራችሁ በፊት «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉትን ሽቦዎች አገላብጡ። አምራቾቹ የትኛው ኤ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አይቃጠልም፣ አትፍሩ።