ሐዋሳ ለሥራ ፈላጊ፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ሌሎች ቀጣሪዎች ሲመዘኑ

ሐዋሳ ላይ «ሥራ አለ» ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው የኢንዱስትሪ ፓርኩን ነው። እውነትም በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሰው ሊቀበል የሚችል ሌላ የግል ቀጣሪ በአካባቢው የለም። ነገር ግን ሥራ መኖሩና ሥራው ማዋጣቱ ለየቅል ናቸው። የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ደመወዝ አይደለም። ተቆራርጦ እጅ ላይ የሚደርሰው ብር፣ የቤት ኪራዩና ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይዘውት የሚወጡት ሙያ ናቸው ወሳኞቹ። ቀጣሪዎቹን እዚህ የምንመዝነው በእነዚህ ሦስቱ ነው።

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ52 ሼዶች (የፋብሪካ አዳራሾች) ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር 60 ሺህ ሰው እንዲቀጥር ታስቦ ነበር። የሚሠራው በዋናነት ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ ነው፤ ስለዚህ የሥራው ዋስትና የሚወሰነው ሐዋሳ ላይ ሳይሆን ትዕዛዝ በሚሰጡት ገዢዎች ዘንድ ነው። ይህ በ2014 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። ፓርኩ ሲጠነሰስ ጀምሮ ዋና ተዋናይ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ኅዳር ላይ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ተጠቃሚነት ወጣች። ያለ አጎዋ ከጥጥ የተሠራ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ 32 በመቶ ነው። በትንሽ ትርፍ ለሚሠራ ፋብሪካ ይህ ትዕዛዝ የሚያሳጣ ልዩነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን እጅግ ላላደጉ አገሮች በሰጠው ዕድል ከኢትዮጵያ የሚገባ ልብስን ያለ ቀረጥ ይቀበላል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ነገር፦ ለቅጥር ስትሄዱ ፋብሪካው ለማን እንደሚሰፋ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ እዚያ የሚሠሩ ልጆችን ጠይቁ፤ ልብሱ ላይ የሚሰፋውን የገዢውን ምልክት በየቀኑ ያዩታል። ለሁለት ሦስት ገዢ የሚሠራ፣ ከገዢዎቹም ቢያንስ አንዱ አውሮፓዊ የሆነ ፋብሪካ የተሻለ ዋስትና አለው። ትዕዛዝ መቀነሱን ከማስታወቂያ በፊት የሚናገሩ ምልክቶችም አሉ፤ ኦቨርታይም በድንገት ይቆማል፣ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ያለጊዜው እንዲወስድ ይደረጋል፣ የሥልጠና ክፍሉ ባዶ ይሆናል።

ቅጥሩ ራሱ ከባድ አይደለም። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶና የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። ከዚያ የእጅ ቅልጥፍና ፈተና አለ፤ ትንንሽ ዘንጎችን በተወሰነ ደቂቃ ቀዳዳ ውስጥ መክተት፣ ቀለም መለየት፣ ክር በሌለው የስፌት መኪና ወረቀት ላይ የተሰመረን መስመር ተከትሎ መስፋት። ወረቀቱ ላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ ከመስመሩ ምን ያህል እንደወጣ ነው። ፈተናው ላይ የሚሳሳቱት አብዛኞቹ ፔዳሉን በኃይል ስለሚረግጡ ነው፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ ጥጉ ላይ ማቆም ከፍጥነት በላይ ነጥብ ያሰጣል። ውጤቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደ ስፌት ወይም ወደ ሄልፐርነት (የሰፊ ረዳትነት) እና እሽግ የምትመደቡት በእሱ ነው። ለቅጥር ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። በሕጉ አገር ውስጥ የሚያስቀጥር ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ መቀበል አይችልም።

የስፌት ላይን ላይ፣ ማለትም ልብሱ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው እየተላለፈ በሚሰፋበት ረድፍ፣ ሥራው በሰከንድ ይለካል። አንድ ኦፕሬሽን፣ ለምሳሌ የእጅጌ ጠርዝ ማጠፍ፣ 30 ሰከንድ ከተመደበለት በሰዓት 120 ፍሬ 100 በመቶ ማለት ነው፤ 72 ፍሬ ያወጣች 60 በመቶ ላይ ናት። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት መኪናው ስለዘገየባቸው አይደለም። ከ30ው ሰከንድ መርፌው የሚሠራው ጥቂቱን ነው፤ ቀሪው ቁራጩን ማንሳት፣ ማጋጠም፣ ማዞርና ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ታርጌት ያልደረሰላት ልጅ ፔዳሉን ከመጫን ይልቅ ጥቅሉን የምታስቀምጥበትን ቦታ ታስተካክል፦ የሚሰፋው በግራ እጅ በኩል፣ ፊቱ ወደ ላይ፣ ጠርዙ ወደ መርፌው። ጨርቁን ከኋላ መጎተት የተለመደ ስህተት ነው፤ ስፌቱን ይሸበሽባል፣ መርፌ ያጎብጣል። የጎበጠ መርፌ ስፌት ይዘላል፣ ኳሊቲ (የጥራት ቁጥጥር) ይመልሰዋል፣ ያን መፍታት ደግሞ አዲስ ከመስፋት በላይ ጊዜ ይበላል።

መርፌ ሲሰበር ያለው ሥርዓት ብዙ አዲስ ሠራተኛ ያስደነግጣል። መኪናው ይቆማል፤ ስብርባሪው በሙሉ ተፈልጎ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው አሮጌው ሙሉ ሆኖ ሲመለስ ብቻ ነው። አንድ ቅንጣት ከጠፋ አጠገብ ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ደብቆ ሌላ መርፌ መቀየር ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው፤ መርፌ ሰበርኩ ብሎ መናገር ግን ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ብሩ። ፓርኩ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የጀማሪ መነሻ ደመወዝ በወር ወደ 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዘመን ፋብሪካዎቹ በዓመት ውስጥ በአማካይ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር የሚያክል ሰው ይለቅባቸው ነበር። ሁለቱ ነገሮች ተያይዘው ነው መነበብ ያለባቸው። ሰው የሚለቀው ሥራ ጠልቶ አይደለም፤ ሒሳቡ አልገጥም ስለሚለው ነው። ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይቆረጥ በመቆየቱ መነሻው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ስለዚህ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት።

ለስሌት እንዲመች መነሻው 4,160 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ የወሩ ሰዓት 208 ስለሚሆን የሰዓቱ ዋጋ 20 ብር ነው። ከዚህ 7 በመቶ ጡረታ፣ 291.20 ብር ይቆረጣል፤ ቀጣሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይከፍላል፤ ስለዚህ ግብሩ 332 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 3,536.80 ብር። የምግብ ወይም የሌላ ነገር ቅነሳ ካለ ከዚህ ይወርዳል፤ ግን ጠቅላላ ቅነሳው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም።

ኦቨርታይም በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል ነው። በምሳሌያችን 30፣ 35፣ 40 እና 50 ብር በሰዓት ይሆናል። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ሰዓቱ ሲመዘገብ ስለሆነ ቀኑንና ሰዓቱን በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ፤ የደመወዝ ወረቀቱ ሲመጣ ያኔውኑ አነጻጽሩ።

አንድ ነገር ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «ጠቅላላ ክፍያ» ብዙ ጊዜ ሳይቀሩ የመገኘት ቦነስን፣ የምርት ማበረታቻንና የምግብ ድጋፍን ደምሮ ነው። አንድ ቀን ታሞ መቅረት የወሩን ቦነስ ሊያስቀር ይችላል። ጡረታውም የሚሰላው በመነሻው ላይ ብቻ ነው። ሁለት ፋብሪካ ስታወዳድሩ መነሻውን ከመነሻው ጋር አወዳድሩ፤ ቦነሱ ትልቅ ሆኖ መነሻው ትንሽ የሆነው ፋብሪካ በረጅም ጊዜ ይጎዳል።

ፓርኩ በጣም የሚደክመው መኖሪያ ላይ ነው። ከገጠር ወረዳ ብቻዋን የመጣች ልጅ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ካልተጋራች አይሆንላትም። የኪራይ ድርሻዋ ከተጣራው ደመወዝ ሩቡን ካለፈ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር አይቀርም፤ ይህንን ከመነሳት በፊት ማወቅ ይሻላል። ከፋብሪካው በር የሚቀርበው ቤት ውድ ነው፣ ርካሹ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያልፍበትን መንገድ አጣርቶ ቤት መፈለግ ገንዘብም ደህንነትም ያተርፋል። የማታ ፈረቃ ካለ ሰርቪሱ እስከ ሰፈር መግባቱን አረጋግጡ። ሐዋሳ ላይ ወላጅ ወይም ዘመድ ጋር ለምትኖር ግን ያው ደመወዝ ፍጹም ሌላ ትርጉም አለው፤ ለእንዲህ ያለች ልጅ ፓርኩን ያለማመንታት እንመክራለን።

ሙያውን በተመለከተ በአንድ ኦፕሬሽን ላይ ተቸክሎ መቅረት ትልቁ ኪሳራ ነው። ሲንግል ኒድል፣ ኦቨርሎክና ፍላትሎክ የሚባሉትን ሦስት የስፌት መኪና ዓይነቶች የቻለች ኦፕሬተር በየላይኑ ትፈለጋለች፤ ወደ ኳሊቲ ወይም ላይን መሪነት የምትሄደውም እሷ ናት። ሱፐርቫይዘሩን ሌላ መኪና እንዲያለማምዳችሁ በሥራ መጨረሻ መጠየቅ የተለመደ ነው። የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝም ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ልምዱ ከፋብሪካው በር ውጭ ብዙ አይቆጠርም። በፓርኩ ውስጥ በእኛ ግምት ከሁሉ የተሻለው የመግቢያ ሥራ ግን የስፌት መኪና መካኒክነት ነው፤ ቴክኒክና ሙያ የጨረሰ ልጅ ልብስ ስፌት ቢቀዘቅዝ እንኳ ሙያውን ይዞ ይወጣል። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ በቀን 11 ሺህ ሜትር ኩብ የሚችል ማጣሪያ ስላለው ኬሚስትና ኤሌክትሪሻንም ይፈልጋል፤ ቦታው ጥቂት ቢሆንም ብዙ አመልካች አያስታውሰውም።

ውል ላይ፦ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ሁለቱም ወገን ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ይችላል። ከሙከራ በኋላ ሠራተኛዋ ስትለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ትስጥ፤ ዝም ብሎ መጥፋት እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል፤ የሥራ ልምድ ወረቀቱን ማግኘትም ያስቸግራል። የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ነው።

ከፓርኩ ውጭ ያለው ምርጫ አነስ ያለ ግን የተለያየ ነው። ይርጋለም ላይ መጋቢት 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ፣ ቡናና ወተት ላይ ያተኩራል። ለምግብ ሳይንስ፣ ለማሽን ኦፕሬተርና ለላቦራቶሪ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ወቅት ስላለው ግን ውሉ ቋሚ ወይስ ጊዜያዊ እንደሆነ ቀድሞ መለየት ግድ ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ብዙ ሰው ይቀጥራሉ፤ ቀይ ፍሬ መልቀም፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ማገላበጥ፣ የተበላሸ መለየት። ክፍያው በቀን ወይም በኪሎ ነው፤ በኪሎ ከሆነ ሚዛኑ ፊታችሁ ይመዘን።

የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ሪዞርቶች በበዓልና በሳምንት መጨረሻ ይጨናነቃሉ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ደመወዙ ዝቅ ቢልም ሰርቪስ ቻርጁ ለሠራተኛ የሚከፋፈል ከሆነና ምግብ ካለው ከስፌት ላይን የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ መናገር ለሚችል በተለይ። የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎቹ የተረጋጉ ቀጣሪዎች ናቸው፤ ለቋሚ ቦታ ግን እምብዛም አያወጡም፣ ያወጡት ቦታ ላይም ልምድ ይጠይቃሉ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከመምህራን ሌላ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለላቦራቶሪ፣ ለፋይናንስና ለጥገና ሠራተኛ ማስታወቂያ ያወጣል፤ የማመልከቻው ቀን አጭር ስለሆነ ማስረጃው ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ዋናው ለማመሳከር ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

የክልሉ መንግሥት ቢሮዎችም ብዙ ሰው ይዘዋል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የሥራ ቋንቋው ሲዳምኛ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ቦታ መጥቶ ቢሮ ላይ ለሚያመለክት ሰው ቋንቋውን መናገር ብቻ አይበቃም፣ መጻፍም ይጠበቅበታል።